እንጦጦ ከርማ የምትወርድ አበባ

አበባ የሚተክል ሰው ሞልቷል። አበባ መጠበቅ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ እኔ ከጥቂቶቹ ነኝ። ይህን ስል ለመኩራራት አይደለም፣ ስለማውቀው ነው። አንዲት ቅጠል ሳላይ ዓመት ሙሉ ባዶ አፈር ውሃ አጠጥቻለሁ፤ ሰፈሩም ዓመት ሙሉ ስቆብኛል።

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ባለቤቴ ዳዊት ሲደግም በትከሻው በኩል እያየሁ ነው። ስለዚህ አጻጻፌም እንደ አካሄዴ ነው፣ ወዲያ ወዲህ ይላል። አካሄዴንማ አራዳ ያውቀዋል። ለጨው ወጥቼ ጨዋታ ይዤ የምመለስ ሴት ነበርኩ፤ አማቴ "ይቺ ልጅ እግሯ ቤት የለውም" ይሉ ነበር። ያ እግሬ ኋላ ለጉዳይ ዋለ፣ እነግራችኋለሁ።

ቤታችን ከጊዮርጊስ ቁልቁል ነበር፣ ዛሬ ፒያሳ ከምትሉት ዝቅ ብሎ። ያኔ ፒያሳ የሚባል ነገር አናውቅም፤ አራዳ ነው፣ ገበያው ነው፣ በቃ። በአጥራችን ማዶ አንዲት አርመን ሴትዮ ነበሩ። ማዳም እላቸዋለሁ፤ ሰፈሩም ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚላቸው። ባላቸው ጫማ ሰፊ ናቸው። ግቢያቸው ዳር እስከ ዳር ድንጋይ ተነጥፎበት ቆዳ ይሰጣበታል፤ አንድ ጭብጥ አፈር አይገኝበትም። ማዳም አማርኛ አሳምረው ያውቃሉ፤ ሴቱን ሁሉ "አንተ" ከማለታቸው በቀር። አማቴን ራሳቸውን አንድ ቀን "አንተ ዛሬ ደክሞሃል" ቢሏቸው፣ አማቴ ነጠላቸውን እያጣፉ "እንግዲህ በስተርጅና ወንድ ከሆንኩ ሚስት ይፈለግልኝ" አሉ።

አንድ ዓመት፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ማዳም በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ። "ና፣ አንተ ልጅ፣ እጅህን ስጥ።" መሐረብ ፈቱና መዳፌ ላይ ዘር አፈሰሱ። እንደ ዶሮ ዓይን የሚያብረቀርቅ ጥቁር ፍሬ፣ ከሽምብራ ትንሽ ከፍ የሚል። በመሃሉ ጥቂት ቀያይ ፍሬም ነበረበት።

"ይሄን ሰው አልተከለውም፣ ተራራ ነው የተከለው" አሉ። "እናቴ ቤት ጀርባ ተራራ አለ። በረዶ ሲሄድ እሱ ይመጣል። ስሙ ካችቫርት ነው። ደፋር ጽጌረዳ እንደ ማለት።"

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ፒዮኒ ነው ስሙ ይሉኛል። ይሁን። እኔ የማውቀው የማዳም አበባ ብዬ ነው።

ከማዳም መንደር የሚያውቁት ሰው አንድም አልቀረም። ያለፈውን መከራ አይናገሩትም፣ እኛም አንጠይቅም። አንድ ነጋዴ ዘመዳቸው በዚያ ሲያልፍ ከቤታቸው ፍርስራሽ ጀርባ፣ ከድንጋዩ ሥር ለቅሞ፣ በመርከብና በባቡር ነው ዘሩን ያደረሰላቸው። የግራ ዓይናቸውን ያኔ ሞራ ጋርዶታል፤ ቀኙንም ጀምሮታል።

"አፈር የለኝም" አሉኝ። "አንተ አፈር አለህ። ይሄኛው ዓይን ሳይዘጋ አንድ ጊዜ ማየት እፈልጋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ይዘጋ፣ አልቆጣም።"

"አሳይዎታለሁ" አልኳቸው። እንዲህ ነው ቃሌን የሰጠሁት፣ ጨው እንደማበድር። የማዳምን ዓይን በአንገቴ እንዳሰርኩ የገባኝ ኋላ ነው።

ጥቁሩ አሥራ አንድ፣ ቀዩ ሦስት ነበር። "ቀዩን ጣለው፣ ባዶ ነው" አሉ። እኔ አላመንኳቸውም። በእኛ ቤት የጠቆረ ፍሬ ያረረ ነው፤ ቀይ ደግሞ የበሰለ ነው። እሳቸው በዓይናቸው ተሳስተው እንዳይሆን ብዬ፣ ጥቁሩን እንዳሉኝ አድርጌ፣ ቀዩን በስውር ከጎመኑ አጠገብ ቀበርኩት። እስከ ዛሬ አልበቀለም። ይህን የማወራው ማዳም ልክ እንደነበሩ እንዲታወቅላቸው ነው።

ጥቁሩን በአጥሩ ጥግ፣ ከወንዝ ያመጣሁትን አሸዋ ከአፈሩ ጋር አዋህጄ፣ ሁለት ጣት ጥልቀት አውርጄ ተከልኩት። ከዚያ ውሃ። በየሁለት ቀኑ ከምንጭ ቀድቼ ውሃ። ጥቅምት አለፈ፣ ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። አፈሩ አፈር ነው።

ጠዋት ጠዋት ማዳም ከአጥሩ ማዶ ሆነው "ወጣ?" ይሉኛል።

"አልወጣም ማዳም።"

"ጥሩ" ይላሉ፣ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። መጀመሪያ ያልሰሙኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ እንደገባኝ፣ የአገራቸው አበባ ቸኩሎ አያውቅም፤ ቸኩሎ ቢወጣ ነው የሚደነግጡት።

አማቴ ግን ትዕግሥታቸው እንደ እኔ አልነበረም። "ልጄ ሚስት አገባ ብዬ ነበር፤ ለካስ ያገባው ድንጋይ አጠጪ ነው" ይላሉ፣ እኔ እንድሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ውሃ ቀጂዎቹም ሲያልፉ ይቀበሏቸዋል። "እመት፣ ዘንድሮ ድንጋዩ ስንት ቁና ሰጠ?" እኔ ቅሌን ሞልቼ አፈስሳለሁ። ሰው ሲስቅብኝ አልሰማም፤ ይህ ከእግዜር የተሰጠኝ ነው።

ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። አዲስ ዓመት ሆነ። አሁንም የለም። አንድ ቀን ማዳም በአጥሩ በኩል "ደህና አደርክ?" ብለው ሰላምታ ሰጡ። መልስ ስሰጥ ደነገጡ፤ ሰላም ያሉት እኔን ሳይሆን ገመድ ላይ የተሰጣ ቀሚሴን ኖሯል። ያን ዕለት አፈሩን ከወትሮው አብዝቼ አጠጣሁት። ውሃ የማያፈጥነው ነገር እንዳለ ገና አልተማርኩም ነበር።

ኅዳር አሥራ ሁለት ደረሰ። የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል፤ በዚያ ቀን ቤት ሁሉ ግቢውን ጠርጎ ጥራጊውን ያቃጥላል፣ ከተማው በጭስ ይታጠናል። በዚያ በክፉው ኅዳር፣ በሽታው ሰውን እንደ ቅጠል ባረገፈ ጊዜ፣ አማቴ በአንድ ሳምንት ሁለት ልጅ ቀብረዋል። ስለዚህ ይህን ቀን እንደ ሌላ ሰው አይውሉትም። ጎሕ ሲቀድ ይነሳሉ፣ ከጣራ ሥር እስከ አጥር ሥር ይጠርጋሉ፣ አንዲት ስንጥር አያልፋቸውም።

እኔ ጠዋት "መጣሁ" ብዬ ወደ ገበያ ወጣሁ። የመጣሁት ግን ከምሳ በኋላ ነው። ስመለስ ሰፈሩ ሁሉ ጭስ ስለሆነ የኛ ግቢ ጭስ ምንም አልመሰለኝም። ገብቼ ሳይ እሳቱ በአጥሩ ጥግ ነው፣ ያንን አፈር ተቀምጦበት። የዓመት ጥራጊ፣ የባሕር ዛፍ ቅርፊት፣ አሮጌ ሰሌን፣ ሁሉም ተከምሮበት ይነዳል።

"እመት፣ ምነው እዚያ?"

"የት ላድርገው? ግቢው ላይ ያለው ባዶ መሬት እሱ ብቻ ነው።"

እሳቱን በእንጨት ገፍቼ አነሳሁት፤ ፍሙን ወዲያ ጠረግሁት። አፈሩ እስኪበርድ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ከዚያ በጣቴ መቆፈር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ፍሬ እንደ ሽምብራ ቆሎ ፈንድቶ ነበር። ሁለተኛው እንዲሁ። ሦስተኛው፣ አራተኛው። ሰባት ድረስ ቆጠርኩ፣ ሰባቱም ቆሎ።

እሳቱ ያልደረሰበት አንድ ዳር ነበር፣ ከአጥሩ እንጨት ሥር። እዚያ ጣቴን ስሰድ አንድ ለስላሳ ነገር ነካሁ። ትል መሰለኝ። ቀስ ብዬ አፈሩን ገፋሁ። ትል አይደለም። ጥቁሩ ፍሬ ጎኑን ሰንጥቆ ነጭ ሥር አውጥቷል፣ የትንሿን ጣቴን ያህል፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የወረደ። ከጎኑ ሌላ። ከዚያ ሌላ። አራት።

አማቴ ከኋላዬ መጥተው ጎንበስ አሉ።

"በሕይወት ነበረ እንዴ?"

"ነበረ።"

"ዓመት ሙሉ?"

"ዓመት ሙሉ ከታች ይሠራ ነበር፣ እመት። እኛ ከላይ ነው ስናይ የኖርነው።"

እዚያው አመዱ ላይ ቁጭ አሉ። "እኔ በሽታ ላባርር ብዬ ነው" አሉ ቀስ ብለው። ልቆጣ አስቤ ነበር፤ የቀበሯቸው ሁለቱ ልጆች ትዝ ሲሉኝ ቁጣዬ የሚቆምበት አጣ።

አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፣ አልደብቅም። ማዳም ያን ጥግ አያዩትም። አራቱን መልሼ ብቀብር፣ አሥራ አንዱም አሉ ብል፣ ማን ይነግራቸዋል? ግን በማያይ ሰው ፊት መዋሸት ከሌላው ውሸት የከፋ መስሎ ተሰማኝ። አራቱን በእርጥብ ቅጠል ጠቅልዬ በዋናው በር ዞሬ ሄድኩ።

"ማዳም፣ አሥራ አንድ ሰጥተውኝ አራት ይዤ መጥቻለሁ" አልኩ፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

ቅጠሉን ተቀበሉኝ። አንዱን ፍሬ አነሱና በጣታቸው ጫፍ ሥሩን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ዳሰሱት። ባላቸው መዶሻቸውን አስቀምጠው ከወንበራቸው ተነሡ።

"ከታች ነው የሚጀምረው" አሉ ማዳም። "እኔ አላውቅም ነበር። እናቴም አታውቅም። ተራራ ላይ ማን ቆፍሮ ያያል?" ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "አሁን ሥር አለው። ቅጠል የሚያወጣው ብርድ ሲያገኝ ነው። እኛ አገር በረዶ ይተኛበታል፣ ሦስት ወር። እዚህ በረዶ የት አለ?"

"የለም" አልኩ።

"ውርጭስ አይሆንም?" የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። አማቴ ናቸው፣ ተከትለውኝ ኖሯል፣ ቀሚሳቸው አመድ እንደ ሆነ። "እኅቴ እንጦጦ ማርያም ሥር መንኩሳ ተቀምጣለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋልን ትላለች። ብርድ ከሆነ የተፈለገው፣ እዚያ ሞልቷል።"

ማዳም አማቴ ያሉበትን አቅጣጫ ፈልገው አገኙ። "አንተ ነህ ያቃጠልከው?"

"እኔ ነኝ" አሉ አማቴ።

"እንግዲያው አንተ ነህ የምታበርደው" አሉ ማዳም። ባላቸው ሳቁ። አማቴም ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

በማግስቱ አራቱን በላምባ ቆርቆሮ፣ የቆርቆሮውን ታች በምስማር በስቼ፣ ተከልኳቸውና ቆርቆሮውን በጀርባዬ አዝዬ ወጣሁ። የአራዳ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶ ዝም አይልም። አንዱ ሱቅ ደጃፍ የቆመ ሰውዬ፣ "እመቤቴ፣ ልጁ ስንት ወሩ ነው?" አለኝ።

"ዓመት ከሁለት ወሩ ነው፤ ገና አልወጣም" አልኩት።

"አይ፣ ያረገዝሽው በጀርባሽ ነው ማለት ነው።"

"እናቱ አርመን ናት፣ እኔ ሞግዚት ነኝ" ብዬው አለፍኩ። ሳቁ እስከ ድልድዩ ሸኘኝ።

የአማቴ እኅት፣ እማሆይ፣ ቀጭን፣ ቀልደኛ መነኩሴ ነበሩ። ነገሩን ስነግራቸው ራሳቸውን ያዙ። "የአካባቢው ገበሬ ባቄላዬን ውርጭ እንዳይመታብኝ ጸልዪልኝ ብሎኝ ሌት ተቀን እጸልያለሁ። አሁን ደግሞ ያንቺን ቆርቆሮ እንዲመታ ልጸልይ? እግዚአብሔር የቱን ይስማኝ?"

"ከጎጆው ጀርባ ያስቀምጡልኝ እንጂ ጸሎቱን ይተዉት" አልኩ። ፀሐይ እስከ ቀትር የማይደርስበት ቦታ አስቀመጥነው። ይኸው ያ ዟሪ እግሬ ሥራ አገኘ። በየሳምንቱ፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ በተባለው በኩል፣ ሽቅብ እወጣለሁ፤ አጠጣለሁ፣ እማሆይን አጫውታለሁ፣ እወርዳለሁ። አማቴ ለመጀመሪያ ጊዜ "የት ቆየሽ?" ማለት ተዉ።

የካቲት ሊያልቅ ሲል እማሆይ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ በእጃቸው ጠሩኝ። "ነይ፣ ድንጋይሽ ጥፍር አወጣ።" እውነትም ጥፍር ይመስላል፤ ከአፈሩ ላይ ቀይ፣ የታጠፈ፣ እንደ ወፍ ጫጩት እግር። አንድ ብቻ አይደለም፣ ሁለት ነው። ሁለቱ ሌሎች ቀሩ። ጎንበስ ብዬ ብዙ አየሁት። ቆርቆሮውን አዝዬ ስወርድ መንገዱ አልተሰማኝም።

ማዳም በአጥሩ በኩል እንደ ወትሮው "ወጣ?" አሉ።

"ወጣ ማዳም።"

በዚያ ቀን "ጥሩ" አላሉም። ዞረው መጡ፣ ቆርቆሮው አጠገብ ተንበረከኩ፣ ቀኝ ዓይናቸውን ቅጠሏ ላይ ሊያስነኩ ምንም አልቀራቸው።

ከዚያ በኋላ የኛ ቤት ልማድ ሆነ። በየዓመቱ ኅዳር አሥራ ሁለት ጠዋት፣ አማቴ እሳት ሳይለኩሱ፣ "መጀመሪያ ትውጣ" ይላሉ፤ ቆርቆሮዋ በጀርባዬ ወደ እንጦጦ ትወጣለች። መጋቢት ላይ ትወርዳለች። ከሁለቱ አንዷን በሁለተኛው ዓመት ዶሮ ጫራ ገደለቻት፤ ዶሮዋን አማቴ በዚያው ሳምንት አረዷት፣ ምክንያቱን ማንም አልጠየቃቸውም። የቀረችው በአራተኛው ዓመት አንዲት እንቡጥ ያዘች። ተሸክሜያት ስወርድ መንገድ ላይ ተንገጫግጫ ረገፈች። እንቡጧን ለማዳም በእጃቸው ሰጠኋቸው። ጨብጠው "በሚመጣው" አሉ። ግን በዚያ ዓመት ባላቸውን በድምፅ መለየት ጀምረው ነበር። የቀረቻቸው ብርሃንና ቀለም ብቻ ነች፤ እሷም እየደበዘዘች።

በተከታዩ ዓመት መጋቢት እማሆይ ሰው ላኩብኝ። እንቡጥ ይዛለች፣ የዶሮ ባትሆንም የርግብ እንቁላል ታህላለች አሉ፤ እንዲህ ነው እሳቸው ሲያወሩ። ጨነቀኝ። ባወርዳት ትረግፋለች። ብተዋት ማዳም አያዩዋትም። ሦስት ቀን አሰብኩ። መላውን ያገኙት አማቴ ናቸው።

"አበባዋ አራት ዓመት ወደ ማዳም ወርዳለች" አሉ። "ዘንድሮ ማዳም ይውጡ።"

ማዳም በቅሎ ይፈራሉ። "ይጥለኛል" አሉ።

"ይጣልዎ" አሉ አማቴ። "እኔ ከኋላ ነኝ፣ አነሳዎታለሁ።"

"አንተ እኔን ማንሳት? አንተ ራስህን አትችልም።"

እንዲህ እየተነታረኩ ነው ሽቅብ የወጣነው፣ ሚያዝያ አጋማሽ፣ ጠዋት። እኔ በቅሎዋን ስቤ፣ ማዳም ኮርቻውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ አማቴ ከኋላ እየተነፈሱና እየተናገሩ። ስለ አበባዋ መልክ አንድም ቃል እንዳልናገር ለራሴ ምዬ ነበር። እማሆይንም አደራ ብያለሁ። እናት ልጇን ራሷ ልታይ ስትሄድ፣ ሰው ቀድሞ እንዲህ ትመስላለች ብሎ አይነግራትም፤ ከነገርናቸውም በዓይናቸው ማየታቸውን በምን አውቃለሁ?

ደረስን። ከፈካች ሁለት ቀኗ ነበር። ማዳምን ይዤ ከጎጆው ጀርባ ወሰድኳቸው፣ ተንበረከኩ። ፊታቸውን ወደ ግራ አዘነበሉ፣ ወደ ቀኝ አዘነበሉ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚሻል ፈለጉ። እኛ ሦስታችን ቆመናል። አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

"ቀይ" አሉ ማዳም።

ቀይ መሆኑን ድሮም ያውቃሉ፣ ከእናታቸው ቤት ያውቃሉ። ይህ ምስክር አይሆንም ብዬ ሌላ ቃል ጠበቅሁ።

"አንድ ቅጠሉን ትል በልቶታል፣ እዚህ ጋ" አሉ፣ ሳይነኩ በጣታቸው እያመለከቱ። "ጎዶሎ ነው። ብርሃን በዚያ ይገባል።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነት ነው፤ እኔ ራሴ ልብ አላልኩትም ነበር።

አማቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "አዩ?"

"አዩ፣ እመት።"

"እንግዲህ ዕዳው ከኔ ወረደ" አሉና ሄደው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ማዳም እስከ ቀትር ከዚያች አበባ አልተነሱም። ስንመለስ በቅሎዋን አልፈሩም።

ክረምቱ ሲገባ ዓይናቸው ተዘጋ። እንዳሉትም አልተቆጡም። በነሐሴ መጨረሻ የአበባዋ ፍሬ ተሰንጥቆ ዘሩን ሳመጣላቸው መሐረባቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ቁጭ አሉ። እኔ ቀዩን ልለይ ብዬ እጄን ስሰድ መቱኝ። "ተው፣ እኔ ነኝ የምለየው።" ጥቁሩ ድቡልቡልና ጠጣር ነው፣ ቀዩ የተጨማደደና ቀላል። በጣታቸው አንድ በአንድ ለዩት፣ አንድ ስሕተት ሳይሠሩ። ዘጠኝ ጥቁር መዳፌ ላይ ቆጠሩ። ቀዩን ወደ አማቴ ገፉት። "ይሄን አንተ አቃጥል።"

ዘጠኙን በዚያው ጥግ፣ በአጥሩ ሥር ተከልኩ። በኅዳር አሥራ ሁለት አማቴ ከጎሕ ተነስተው ግቢውን ጠረጉ፣ ጥራጊውን ግን በቅርጫት በቅርጫት እያወጡ ከበሩ ውጭ መንገዱ ላይ አቃጠሉት። አንዲት ጎረቤት ወደ ጥጉ እያየች፣ "እመት፣ ይሄን የመሰለ ባዶ ቦታ እያለ ምን አደከመዎ?" አለቻቸው።

አማቴ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። ከማዶ ማዳም መስማታቸውን ለማረጋገጥ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ባዶ አይደለም" አሉ። "ሥር እያወጣ ነው።"

ከአጥሩ ማዶም መልስ መጣ። "ጥሩ።"